የጣና ዳር ጥቁር፦ ብረት፣ ድኝና ጥቀርሻ

ፈረንጆቹ «ሰማያዊ» የሚሉትን ወንዝ እኛ ጥቁር ዓባይ እንለዋለን። ባሕር ዳር ላይ ከጣና ወጥቶ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው የ380 ሜትር ድልድይ ሥር ሲያልፍ ቆሞ ላየው ሰው ግን ሰማያዊም ጥቁርም አይደለም። በክረምት ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል፤ በበጋ ወደ አረንጓዴ ያደላል። በእኔ ዓይን ጥቁሩ ውኃው ሳይሆን ውኃው የተኛበት ድንጋይ ነው። ከሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገድ ጀምሮ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ እስካለው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ድረስ ሂዱ፤ ገደሉም፣ አጥሩም፣ የግቢው ንጣፍም፣ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኑም ያው ጥቁር ድንጋይ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጉልበቴ እንዳይዝ ብዬ ማለዳ ማለዳ በሐይቁ ዳር እራመዳለሁ። ሠላሳ ዓመት በላይ ነርስ ሆኖ የሠራ ሰው የሚያየውን ነገር ሁሉ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አይተውም። ስለዚህ ዛሬ አንባቢዎቼን ይዤ የምዞረው በዚሁ በጥቁር ነገር ላይ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ተነስተን በጀልባ ዘጌ እንደርሳለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ነጭ ነጠላ ነጭ የሚመስለን የመጣበትን ብርሃን ከሞላ ጎደል ሁሉን ስለሚመልሰው ነው። በርበሬ ቀዩን መልሶ ሌላውን ያስቀራል። ጥቁር ነገር ግን የመጣውን ብርሃን ሁሉ ይውጠዋል፤ ወደ ዓይናችን የሚመለስ ነገር ሳይኖር ሲቀር ያንን «ጥቁር» እንለዋለን። የተዋጠው ብርሃን ደግሞ ጠፍቶ አይቀርም፤ ሙቀት ይሆናል። ይህን በሐይቁ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ከማንም በላይ ያውቁታል። ያጠቡትን የሚያሰጡት ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነው፤ ቶሎ ያደርቅላቸዋል። እኩለ ቀን ላይ ጫማ አውልቆ የቆመበት ሰውም ያውቀዋል።

ታዲያ ያ ድንጋይ ብርሃኑን የሚውጠው በምኑ ነው? በብረት። ድንጋዩ ባዛልት ይባላል፤ ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ ነው። እንዲያውም ጣናን ሐይቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚሉት ከሐይቁ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የቅልጥ ድንጋይ ፍሰት የቀድሞውን የወንዝ መውጫ ሞልቶ ገደበው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ብረት ያለባቸው ማዕድናት በብዛት አሉ። ከነዚህ መካከል ማግኔታይት በሚባለው ውስጥ ብረቱ በሁለት ዓይነት መልክ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ኤሌክትሮኖቹም ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ የመጣውን ብርሃን በየቀለሙ ይቀበሉታል። ልጆች ያሏችሁ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡና በላስቲክ ጠቅልላችሁ በሐይቁ ዳር ጥቁር አሸዋ ላይ አንከባሉት። ጢም አብቅሎ ይነሳል! ልጅ ሆነው ይህን ያዩ ሰዎች ድንጋይ ውስጥ ብረት አለ ሲባሉ ማስረጃ አይጠይቁም።

ያው ብረት አየርና ውኃ ጠግቦ ሲዝግ ቀይ ይሆናል። ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የምታዩት ቀይ አፈርና በሌላው ወገን የፎገራ ጥቁር ዋልካ አባታቸው አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው። ከፍ ብሎ ውኃው የሚወርድለት ቀላ፤ ዝቅ ብሎ ክረምቱን ሙሉ ውኃ የሚተኛበት ጠቆረ። «ጥቁር ስለሆነ ለም ነው» የሚለው አባባል ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በዋልካ ውስጥ ያለው የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ብዙ ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ ከሸክላው ጋር አጥብቆ ስለተጣበቀ ግን ጥቂቱ ብዙውን ያጠቁረዋል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምርና ከድንጋዩ እንላቀቅ። ማዕበል የነካው ድንጋይ ከደረቁ ይበልጥ የሚጠቁረው ውኃው ቀለም ስላለው አይደለም። ቀጭኑ የውኃ ሽፋን ሊያመልጥ የነበረውን ብርሃን እየመለሰ ድንጋዩ ላይ ስለሚጥለው፣ ድንጋዩ ለመዋጥ ደጋግሞ ዕድል ያገኛል። ሁለተኛው የድሮ እናቶች የወፍጮ ድንጋይ ጉዳይ ነው። ወፍጮው ጥቁር ነው፤ ሲወቀር የሚወጣው ዱቄት ግን አመድማ ነው። ድንጋዩ ሲደቅ ብርሃን የሚመልሱ ብዙ ጥቃቅን ፊቶች ያወጣል። ከሰል ግን ብትፈጩት፣ ብታልሙት፣ በወንፊት ብትነፉት ጥቁር ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ዘጌ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ወደ ጀልባው ከመሄዳችን በፊት ደንገል የበቀለበት ረግረግ ዳር ትንሽ እንቁም። ጭቃውን በእንጨት ቆፈር አድርጉት፤ ከላዩ ቡናማ ሲሆን ጣት ያህል ዝቅ ሲል ድቅድቅ ጥቁር ይሆናል፤ የተበላሸ እንቁላልም ይሸታል። ሽታው የድኝ ነው። አየር በማይገባበት ጭቃ ውስጥ ተህዋስያን ከሚያወጡት ድኝ ጋር ብረት ሲገናኝ ጥቁር ውሁድ ይሆናል። ያንኑ ጭቃ አውጥታችሁ አየር ላይ ስትተዉት ቀስ በቀስ ተመልሶ ቡናማ ይሆናል። የአንገት የብር መስቀላችሁ ሳጥን ውስጥ ሰንብቶ የሚጠቁረውም በዚሁ በድኝ ነው፤ እዚያ የሚጣመረው ብረት ሳይሆን ብሩ ራሱ ነው።

ይህን ጭቃ ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንዲት እርጉዝ ሴት አለች። የእርግዝና ክትትል ክፍል ስሠራ ነው። ከሐይቁ ማዶ ካለ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር መጥታ፣ ባለፈው ወር የሰጠኋትን ክኒን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። ከሁለት ወይም ከሦስት በቀር ሁሉም አለ።

«ሲስተር፣ ይሄ መድኃኒት አንጀቴን አቃጠለው» አለችኝ።

«ምኑን አይተሽ ነው?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሚወጣኝ እንደ ከሰል ነው» አለች።

ክኒኑ የብረት ክኒን ነው፤ ደም እንዳያንስ ለእርጉዝ እናት በየቀኑ የሚሰጠው። ሰውነት ከዚያ ውስጥ የሚወስደው ከፊሉን ብቻ ነው። የቀረው አንጀት ውስጥ ሲጓዝ ከድኝ ጋር ይገናኛል፤ ልክ ደንገሉ ሥር እንዳለው ጭቃ ይጠቁራል። የተቃጠለ ነገር የለም። ሴትየዋን ይዤ ወደ ረግረጉ መውረድ አልቻልኩም እንጂ በአንድ ጊዜ ይገባት ነበር። በብዙ ቤት ግን ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ክኒኑ ፍራሽ ሥር ይገባል፣ እናት ደሟ አንሶ ምጥ ላይ ትደርሳለች። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ሲፈስ፣ ቀድሞውኑ ደም ያነሳት እናት የምትቋቋምበት አቅም የላትም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሆናችሁ ልጆቼ፣ ክኒኑን ስትሰጡ «ይጠቁራል፣ አትደንግጪ» የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር አትርሱ።

የሚያስደነግጠው ጥቁር ሌላ ነው። የብረት ክኒን የማይወስድ ሰው ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ የሚያጣብቅና ከወትሮው የተለየ ክፉ ሽታ ያለው ሲሆን፣ ከዚያም ጋር ራስ ማዞር ወይም ልብ መምታት ካለ፣ ጨጓራ ወይም ከላይ ያለው አንጀት እየደማ ሊሆን ይችላል። ደም ከላይ ፈስሶ በጨጓራ አሲድ ሲያልፍ ቀይነቱን አጥቶ ይጠቁራል። ለዚህ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ክኒኑን የሚወስድም ቢሆን እንደ ሬንጅ ያጣበቀ ከሆነ ይታይ።

የደም ብረት ሌላም ታሪክ አለው። የጣና ዙሪያ ሰው ወባን ያውቃታል፤ የደንቢያና የፎገራ ሜዳዎች ብዙ ሰው ቀብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የአገራችንን ደጋ ሳይቀር ያዳረሰው ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብታ ስትመገብ ብረቱ ይተርፋታል፤ ብረቱ ደግሞ ለእሷ መርዝ ነው፣ ስለዚህ አጠራቅማ ጥቁር ቅንጣት ታደርገዋለች። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄርያ ውስጥ ተሕዋሷን ያገኛት ይህን ጥቁር ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ሲከታተል ነው። እኔም በሥራ ዘመኔ ላቦራቶሪ ጎራ ባልኩ ቁጥር ቴክኒሻኑ «ነይ እዪ» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ያቺን ጥቁር ነጥብ ነበር።

አሁን ጀልባ እንሳፈር። ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመንገዳችን ክብራን ገብርኤልን እናያለን፤ እኔ ሴት ነኝና ከሩቅ ተሳልሜ አልፋለሁ። ከጀልባው ላይ ዘጌን ስታዩት ጥቁር ነው። ስትጠጉት አረንጓዴ ይሆናል፣ ስትገቡበት ደግሞ ቅጠሉ ሁሉ የሚያበራ የቡና ደን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከሩቅ ያጠቆረው ምንድን ነው? ጥልቀቱ። ብርሃን በቅጠሎቹ መካከል ይገባል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወረወራል፣ በየወረወራው ትንሽ ትንሽ ይዋጣል፣ ወደ ውጭ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ይህን ብልሃት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2014 ቫንታብላክ ብለው ይፋ ባደረጉት ነገር ላይ ተጠቅመውበታል፤ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎችን እንደ ደንገል ጥቅጥቅ አድርገው አቆሙና ከመጣው ብርሃን ከ99.9 በመቶ በላይ የሚውጥ ጥቁር ሠሩ። በእሱ የተቀባ ነገር ጎድጓዳም ይሁን ጉብታ አይለይም፤ የተቀደደ ቀዳዳ ይመስላል አሉ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ይገባል። በክቡ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ስታዩ ቀዩና ቢጫው ዓይናችሁን ይስባል፤ መልኩን፣ ዓይኑን፣ ቅንድቡን የሠራው ግን ጥቁሩ መስመር ነው። በብራና መጻሕፍቱም እንዲሁ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው፣ ጽሕፈቱ ጥቁር ነው። አንድ ጊዜ እዚያው ዘጌ መሪጌታ የሆኑ አባት ቀለሙን እንዴት እንደሚሠሩት ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ ከምንድን ነው?»

«ከእናትሽ ማድ ቤት» አሉኝና ሳቁ።

ቀልድ አልነበረም። ከድስት ቂጥና ከጣራ የተፋቀ ጥላሸት፣ የተቆላ እህል፣ ማያያዣ ሙጫ፤ ተደባልቆ በውኃ ወራት ይከርማል። ጥቀርሻ ካርቦን ነው። ካርቦን ደግሞ ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ አይዝግም። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጻፈበት ከብረት የተሠራ ቀለም ወረቀቱን እየበላ ጽሑፉን ወንፊት እንዳደረገው አንብቤያለሁ። የእኛ ሊቃውንት ጥቁር ግን ብራናው ላይ ተቀምጦ መቶ ዓመታትን አሳልፏል። ጠላቱ ውኃ ነው።

ጥቀርሻ ሌላም ቦታ አለ። የባጃጃችሁ ጎማ ጥቁር የሆነው ጥቀርሻ ስለተቦካበት ነው፤ ጎማ በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው። ልጆቻችን የሚጽፉበት እርሳስም ስሙ ነው እንጂ እርሳስ የለበትም፤ ግራፋይት ነው፣ እሱም ካርቦን። እውነተኛው እርሳስ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በተለያዩ አገሮች በተመረመሩ ኩሎች ውስጥ ከድኝ ጋር የተዋሐደ እርሳስ በብዛት ተገኝቷል፤ ጥቁር የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ገበያ ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ ኩል ገዝታችሁ የሕፃን ዓይን አትኳሉ።

የምጣዱን ደግሞ እናቶች ታውቁታላችሁ። አዲስ ምጣድ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ሲመጣ ገና አልጠቆረም። በጎመን ዘር ስታሟሹት ዘይቱ በእሳት ከስሎ የሸክላውን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ እንጀራው የማይጣበቀው ለዚህ ነው። ደህና ጥቁር ምጣድ ማለት በቀጭን ካርቦን የተለበጠ ምጣድ ማለት ነው።

ምጣዱን ያጠቆረ ጭስ ግን እዚያ አይቆምም። ዘጌ ውስጥ አንዲት ጠና ያሉ ወዳጅ አሉኝ፤ በሄድኩ ቁጥር ቡና ሳልጠጣ አልመለስም። ማድ ቤታቸው ስትገቡ ግድግዳው፣ ማገሩ፣ ጣራው አንድ ዓይነት ጥቁር ነው፤ ከጣራው ጥቀርሻ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። ጭሱ ምስጥና ነቀዝ ያርቃል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ስመለከተው የሚታየኝ ግድግዳው ብቻ አይደለም። ያ ግድግዳ ላይ ያረፈው ጥቀርሻ ከፊቱ በአንድ ሰው አፍንጫ አጠገብ አልፏል። የጭስ ቅንጣት ከፀጉር በብዙ እጅ የቀጠነ ነው፤ አፍንጫ አያጣራውም፣ እስከ ሳንባ መጨረሻ ይወርዳል። እዚያ ያሉ ጠራጊ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ድንጋይ ብናኝ ሲሆን እንደሚነጣው ይህ አይነጣም፣ ካርቦን ስለሆነም አይፈጩትም። እንደያዙት ይቀራሉ። አንድም ሲጋራ ሳያጨሱ በማገዶ ጭስ ብቻ ሳንባቸው የጠቆረ እናቶች በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ስም አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እንጀራ ሲጋገር የሚውል ልጅ በሳንባ ምች ሲያጣጥር ስንቱን ተቀብያለሁ።

እዚህ ላይ የራጅ ፊልም ያያችሁ ግራ እንዳትጋቡ። በፊልሙ ላይ ደህና ሳንባ ጥቁር ነው፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሕመሙ ነው። ጨረሩ አየር የሞላውን ሳንባ በቀላሉ አልፎ ፊልሙን ስለሚመታው፣ በፊልሙ ላይ ያለው ብር ይጠቁራል። ውኃ የቋጠረ ወይም የጠጠረ ቦታ ግን ጨረሩን ይይዘዋል፣ ፊልሙም ነጭ ይቀራል። «ሳንባዬ ጠቁሯል ወይ?» ብለው ፊልሙን አይተው የሚያለቅሱ ታማሚዎችን ብዙ ጊዜ አረጋግቻለሁ። ጥቀርሻው ራሱ በፊልሙ ላይ አይታይም፤ ያቆሰለው ቦታ ነው የሚታየው።

ወዳጄን ስለ ጭሱ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። «እናቴም በዚሁ ኖረች» ይሉኛል። ባለፈው ዓመት ግን በአፍ መናገሩን ትቼ ሁለት ነጭ የደብተር ወረቀት ወሰድኩ። አንዱን ከምጣዱ በላይ፣ በእሳቸው ፊት ቁመት ልክ ለጠፍኩ፤ ሌላውን ሳሎን ውስጥ። በሳምንቱ ስመለስ የማድ ቤቱ ወረቀት ቡና የፈሰሰበት መስሎ ነበር። በጣቴ ሳብስ ጣቴ ጠቆረ። እሳቸው ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው በብርሃን በኩል ገለባብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያም ልጃቸውን ጠርተው «ያን በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ ለመስኮት ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» አሉት። መስኮቱ በሁለት ቀን ወጣ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ከባሕር ዳር «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በጀልባ ጭነን ወሰድንላቸው፤ ባለ ጀልባው ለክብደቱ የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፈለን። ጣራው አሁንም ጥቁር ነው፤ ወረቀቱን ግን በየወሩ ራሳቸው ይለጥፋሉ።